ስለ ተቀቀለው ናሙና ቁጥር ሰባት የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የሥራ ቦታና የአካባቢ ጤና ምርመራ ላብራቶሪ ዋና ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እጅ እየነሣሁ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ደረትዎ ሰፊ፣ ትንፋሽዎ ረጅም፣ እንቅልፍዎም ሳል የማያቋርጠው ይሁንልዎ፤ ሰኞ ጠዋት ከአልጋዎ ሲነሡ ደረትዎ ላይ ሰው የተቀመጠበት አይምሰልዎ፤ ደረጃ ሲወጡም መሐል ላይ ቆመው የጫማ ማሰሪያ የሚያስተካክሉ መስለው አይታዩ። ቢሮዎ አራተኛ ፎቅ ላይ እንደሆነና ሊፍቱም ለባለጉዳይ እንጂ ለእርስዎ ተበላሽቶ እንደማያውቅ ስላየሁ፣ ከምኞቴ ግማሹ ሳልመኘው በፊት የተሳካ መሆኑን በደስታ እረዳለሁ።

ይህ ለጤናዬ የሚጨነቅ ሰው ማን ነው ቢሉ፣ በመጠበቂያ ክፍልዎ ከበሩ በስተግራ ያለችውን አንድ እግሯ አጭር የሆነ ወንበር በአሥራ አንድ ቀን ደጅ ጥናት የግሌ ያደረግሁ ጡረተኛ ነኝ። በአንድ የቴክኒክ ማሠልጠኛ የኬሚስትሪ ላብራቶሪ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ብልቃጥ ሳጥብ፣ አሲድ ስመጥን፣ ተማሪ እጁን ባቃጠለ ቁጥር ወደ ቧንቧ ስጎትት ኖሬያለሁ። ጸሐፊዎ ‹‹ስብሰባ ላይ ናቸው›› ባሉኝ ቁጥር አምኜ የተቀመጥኩትም፣ በዕድሜዬ ሙሉ የፈሰሰ እስኪረጋ፣ የሞቀ እስኪበርድ መጠበቅ ስለለመድኩ ነው። በአሥራ አንደኛው ቀን ግን እርስዎ በጓሮ በር ወጥተው መኪናዎ ውስጥ ሲገቡ በመስኮት ስላየሁዎ፣ እግሬ ከሚቀጥን ብዕሬ ይቅጠን ብዬ ይህን ደብዳቤ ሰው ሁሉ እንዲያነበው ግልጽ አድርጌ ለመጻፍ ተገደድኩ። ድፍረቴን እንደ አክብሮት እንዲቆጥሩልኝ እለምናለሁ።

ጉዳዩ የባለቤቴ ነው። ባለቤቴ ከከተማው ዳር ባለው የጥጥ ፈትል ፋብሪካ መንደፊያ ክፍል ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። መንደፊያ ክፍል ማለት፣ ክቡርነትዎ ገብተውበት ስለማያውቁ ላስረዳዎትና፣ ታምቆ የመጣው ጥጥ ተፈትቶ፣ ጥርስ ባላቸው ትልልቅ ከበሮዎች መሐል እየተበጠረ ለፈትል የሚዘጋጅበት ቦታ ነው። ጥጡ ከእርሻው ይዞት የመጣው የቅጠል ስባሪ፣ አፈርና ሌላም ሌላም ጉድ እዚያ ይራገፍና አየር ላይ ይቀራል። ባለቤቴ ጠዋት ጥቁር ሻሽ አስራ ትሄዳለች፤ ስትመለስ ሻሹ ነጭ ነው።

በዚያ ሁሉ ጩኸት መሐል የእሷ ድምፅ በክፍሉ ካሉት ከአሥራ አንዱም ማሽኖች በላይ ይሰማ ስለነበር የሥራ ጓደኞቿ ‹‹ሬዲዮ›› ብለው ስም አውጥተውላታል። ዜናው ከእሷ፣ ዘፈኑ ከእሷ፣ የፈረቃ አለቃው ከሚስቱ ጋር ተኳርፎ መምጣቱም ከእሷ ነበር የሚሰማው። አሁን አሁን ‹‹ሬዲዮ ባትሪ ጨርሳለች›› ይሏታል። እሷም ትስቃለች፤ ስትስቅ ሳሉ ይነሣል፤ ሳሉ ሲነሣ እነሱ መሳቃቸውን ይተዋሉ።

የምንኖረው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ደረጃው አርባ ሁለት ነው። ድሮ በሁለት እጇ ጀሪካን አንጠልጥላ ከእኔ ከባዶ እጁ ሰውዬ ቀድማ ትደርስ የነበረች ሴት፣ ዛሬ ሦስት ቦታ ላይ ቆማ፣ ጎንበስ ብላ የጫማዋን ማሰሪያ ታጠብቃለች። ጫማዋ ማሰሪያ የለውም። እሷ የሌለውን ማሰሪያ ስታስር እኔም ከኋላዋ ቆሜ ቁልፍ እንደጠፋበት ሰው ኪሴን እፈትሻለሁ፤ እንዲህ እየተሸዋወድን ቤታችን እንገባለን። ክቡር ሆይ፣ ሰው የገዛ ሚስቱን ትንፋሽ እየቆጠረ ደረጃ ሲወጣ ምን እንደሚሰማው በመመሪያ ስለማይጻፍ እዚህ ላይ አልፈዋለሁ።

ሕመሙ የሚብሰው ሰኞ ነው። እሑድ አርፋ ሰኞ ወደ ክፍሉ ስትመለስ ገና ቀትር ሳይሆን ደረቷ ይታፈናል፣ ትኩሳት ትኩሳት ይላታል፤ ማክሰኞና ረቡዕ እየለቀቃት ይሄዳል። ባለፈው ዓመት አሥራ ሰባት ሰኞ ሥራዋን አቋርጣ መጥታለች። የፋብሪካው የሰው ኃይል ኃላፊ ይህችን ቆጥረው ይዘው፣ ‹‹ሰኞ ሰኞ ብቻ የሚነሣ በሽታ እዚህ ቤት በደንብ እናውቀዋለን፤ ስሙ ስንፍና ይባላል›› ብለው ከሰሷት። ሁለት ጊዜ ‹‹ወደ ማሸጊያ ክፍል አዛውሩኝ›› ብላ ያስገባችው ማመልከቻም ‹‹ከሥራ ለመሸሽ የተደረገ ሙከራ›› ተብሎ ከክሱ ጋር ተያይዟል። የፊታችን ሰኞ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ትቀርባለች።

የክሱ ምሰሶ የእርስዎ ፊርማና ክብ ማኅተም ያረፈበት፣ ‹‹በመንደፊያ ክፍሉ አየር ውስጥ ምንም ዓይነት ባክቴሪያ አልተገኘም፤ ክፍሉ ለጤና ተስማሚ ነው›› የሚለው ምስክር ወረቀት ነው። ይህ ወረቀት እስከ ሰኞ ካልተነሣ ባለቤቴ ከፋብሪካው የምትወጣው ታማ ሳይሆን ዋሽታለች ተብላ ነው። አንጀቴን የሚያሳርረው ይኸኛው ነው። ስለዚህ ለዚህ ወረቀት መወለድ የደከሙትን ሁሉ፣ በእርስዎ በኩል፣ በተራ ቁጥር ላመሰግን ተነሥቻለሁ።

፩ኛ. ባለሙያዎችዎ ፋብሪካውን ለመመርመር እንደሚመጡ ከዘጠኝ ቀን በፊት በደብዳቤ ስላሳወቁ አመሰግናለሁ። ሰው ቤት ሳያስታውቁ መሄድ ነውር ነው። በእነዚያ ዘጠኝ ቀናት ወለሉ በበረኪና ታጠበ፣ በሩ ቀለም ተቀባ፣ ለዓመታት ዝጎ አልከፈት ያለው የጣሪያ መስኮት ተከፈተ፤ ባለሙያዎቹ በመጡበት ዕለትም ከአሥራ አንዱ ማሽን ስምንቱ በአንድ ጊዜ ጥገና አስፈልጓቸው ቆሙ። ለሠራተኛው ሁሉ አዳዲስ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ታደለ፤ የመሥሪያ ቤትዎ መኪና ከግቢው እንደወጣም መሸፈኛዎቹ ተቆጥረው ተመለሱ። ባለቤቴ ያን ዕለት ቤት ስትገባ፣ ‹‹ምነው በየቀኑ በመጡልን!›› አለችኝ። መልእክቷን አድርሻለሁ።

፪ኛ. የመንግሥትን ዕቃ ከአቧራ ስለጠበቁ አመሰግናለሁ። ባለሙያዎችዎ አየር እየሳበ ብናኙን በክብ የማጣሪያ ወረቀት ላይ የሚያስቀር ፓምፕ ይዘው መጥተው፣ በመጀመሪያ እንደ ደንቡ መንደፊያ ክፍሉ ውስጥ ተከሉት። በአርባ ደቂቃ ውስጥ ማጣሪያው በብናኝ ተደፍኖ ፓምፑ ማቃሰት ጀመረ። ሌላ ሰው ቢሆን፣ ሦስት ማሽን ብቻ በሚሠራበትና ጣሪያው በተከፈተበት ክፍል ብረት እንዲህ ከሆነ፣ አሥራ አንዱ ሲሽከረከሩ የሰው ሳንባ ምን ይሆናል ብሎ ይደነግጥ ነበር። የእርስዎ ሰዎች ግን ለፓምፑ አዘኑለት። ባለቤቴ አሥር እርምጃ ርቃ ቆማ እየሰማች፣ የቡድን መሪው ‹‹ኧረ አውጡት፣ እዚህማ ዕቃችን ይበላሻል!›› ብለው ጮኹ፤ ፓምፑንም ተሸክመው ወደ ስብሰባ አዳራሹ ወጡ።

ከስብሰባ አዳራሹና ከአስተዳደሩ ኮሪደር ስድስት ነጫጭ ማጣሪያዎች ተሰብስበው ከናሙና ቁጥር አንድ እስከ ስድስት ተባሉ። ያች መንደፊያ ክፍሉ ውስጥ የተደፈነችው፣ ቀድማ የተወሰደች ብትሆንም መጨረሻ ላይ ተመዝግባ፣ ከክሱ ጋር በተያያዘው ሪፖርት ላይ ‹‹ናሙና ቁጥር ሰባት፣ የተበላሸ›› ተብላለች። መንደፊያ ክፍሉን በዓይኗ ያየች ብቸኛዋ ማጣሪያ እሷ ናት። ምስክር ወረቀቱ ላይ ‹‹የመንደፊያ ክፍሉ አየር›› የተባለው እንግዲህ ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ሲመሩ የሚተነፍሱት አየር ነው።

፫ኛ. ስለ ንጽሕናዎ አመሰግናለሁ። በሪፖርቱ አራተኛ ገጽ ግርጌ፣ በትንንሽ ፊደል፣ ‹‹ሁሉም ናሙናዎች በመመሪያው መሠረት ወደ ምርመራ ክፍል ከመግባታቸው በፊት በእንፋሎት ጸድተዋል›› ይላል። መነጽሬን ወልውዬ ደግሜ አነበብኩት። የእንፋሎት ድስት አላውቅም እንዳልል ሃያ ስድስት ዓመት ክዳኑን ስከፍትና ስዘጋ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እዚያ ውስጥ አሥራ አምስት ደቂቃ የከረመ ባክቴሪያ ወደዚህ ዓለም አይመለስም። የተሳሳትኩ መስሎኝ ናሙና መቀበያው መስኮት ድረስ ሄጄ ብጠይቅ፣ ናሙና ተቀባይዋ ‹‹እንዴ አባባ! እኛ ጋ ከውጭ የመጣ ነገር ሳይቀቀል አይገባም፤ ሠራተኛው ቢታመምስ?›› ብለው ኮራ ብለው መለሱልኝ። ከአራት ዓመት በፊት አንድ ባለሙያ የፍሳሽ ናሙና ነካክተው ሆዳቸውን ስለታመሙ እርስዎ ራስዎ ያወጡት መመሪያ መሆኑንም አከሉልኝ። ለሠራተኛዎ ጤና ያለዎትን ስስት ሳይ ቅናት ቢጤ ተሰማኝ፤ ባለቤቴ እዚያ ተቀጥራ ቢሆን ኖሮ ብዬም ተመኘሁ።

የተፈጸመው እንግዲህ ይህ ነው። መሥሪያ ቤትዎ ሕይወት ያለው ነገር መኖር አለመኖሩን ለማወቅ ናሙና አመጣ፤ ቀቀለው፤ ከዚያም ለባክቴሪያ ምግብ በተዘጋጀ ሳህን ላይ አድርጎ ሁለት ቀን በትዕግሥት ጠበቀ፤ የበቀለ ነገር ቢያጣ ‹‹ባክቴሪያ የለም›› ብሎ ማኅተም መታ። የተቀቀለ እንቁላል ታቅፋ ጫጩት ያጣች ዶሮ እንኳ ምስክር ወረቀት አትጽፍም። ይህን የምለው ዶሮዋን ለማዋረድ አይደለም።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ስቄ ባለፍኩት ነበር። ባለቤቴን የሚያፍናት ግን ሕይወት ያለው ባክቴሪያ ሳይሆን ሬሳው ነው። በጥጡ ቅጠልና ስባሪ ላይ የሚኖሩ አንዳንድ ባክቴሪያዎች በውጭ ቆዳቸው ውስጥ ኢንዶቶክሲን የሚባል፣ ስብ ያለበት መርዝ አላቸው፤ ባክቴሪያው ሞቶ ሲፈራርስ መርዙ ከብናኙ ጋር ተደባልቆ ይቀራል፤ ያንን ብናኝ የሳበ ሰው ደረቱ ይታፈናል፣ ያስለዋል፣ ያተኩሰዋል፤ አርፎ በተመለሰ ሰው ላይም ይበረታል። የሰው ኃይል ኃላፊው ስንፍና ያሉት ሰኞ የበሽታው ዋና ምልክት ነው። መቀቀል ባክቴሪያውን ይገድለዋል እንጂ መርዙን አያጠፋውም። ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ድስትዎ ገዳዩን ትቶ ምስክሮቹን ነው የገደለው።

፬ኛ. ስለ ግድግዳ ካላንደሩ አመሰግናለሁ። የሰው ኃይል ኃላፊው ቢሮ ውስጥ፣ ባለቤቴ ክሷን ቆማ በሰማችበት ቦታ ትይዩ፣ የመሥሪያ ቤትዎ የዘንድሮ ካላንደር ተሰቅሏል። እርስዎ አዲስ ነጭ ጋወን ለብሰው በአንድ ትልቅ ማሽን ላይ እጅዎን ጣል አድርገው ይታያሉ፤ ከሥሩ ‹‹ዘመናዊ ኬሚካላዊ ምርመራ ለሠራተኛው ጤና›› የሚል ጽሑፍ አለ። ያን ዕለት አብሬያት ስለነበርኩ ማሽኑን በፎቶው ሳየው ወዲያው ለየሁት። መጸዳጃ ቤት ፍለጋ በኮሪደርዎ ሳልፍም ገርበብ ባለ በር በአካል አየሁት፤ ሰማያዊ ላስቲክ ለብሷል፣ በላዩም የፕላስቲክ አበባ ተቀምጦበታል። አበባው አቧራ የለበትም፤ በየቀኑ ይጠረጋል ማለት ነው።

ይህ ማሽን ምን እንደሚሠራ እርስዎ ባያጡትም ለሌላው አንባቢ ስል ልናገር። ብናኙ በአሲድ ውስጥ ይፈላና የባክቴሪያው ቆዳ ይፈራርሳል፤ የዚያ ቆዳ መለያ የሆኑት ልዩ ፋቲ አሲዶች ተለይተው ይወጣሉ፤ በሙቀት ወደ ጋዝ ተለውጠው እንደ ፀጉር በቀጠነ ረጅም ቱቦ ውስጥ ያልፋሉ፤ ከቱቦው ጫፍ ያለው መሣሪያ አንድ በአንድ እየለየና እየመዘነ መጠናቸውን ይናገራል፤ ከዚያ መርዙ ስንት እንደነበር በስሌት ይደረስበታል። ማሽኑ ‹‹በሕይወት አለህ ወይስ ሞተሃል?›› ብሎ አይጠይቅም፤ የተቀቀለም ጥሬውም ለእሱ አንድ ነው። አልዋሽዎትም፣ መርዙ የአንዱን ሰው ሳንባ ምን ያህል እንደሚጎዳ ማሽኑ ብቻውን አይነግረንም። መጠኑን ግን ይነግረናል፤ እኛም ከዚህ የበለጠ አልጠየቅንም። ቁጥር ሰባት ምንም እንኳ ብትቀቀል ምስክርነቷ ገና በእጇ አለ ማለት ነው።

፭ኛ. ቁጥር ሰባት በዚህ ማሽን ትለካልኝ ብዬ ላስገባሁት ማመልከቻ በአንድ ወር ከአሥር ቀን ውስጥ በጽሑፍ መልስ ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ። መልሱ ‹‹ናሙናው የተበላሸ በመሆኑ አይመረመርም፤ የተበላሸውም ከመጠን በላይ ብናኝ ስላለበት ነው›› ይላል። ቃል በቃል ነው የገለበጥኩት።

፮ኛ. ምስክር ወረቀቱን በሚያምር ወፍራም ወረቀት ስላተሙት አመሰግናለሁ። ፋብሪካው በመስታወት አስገብቶ ሠራተኛው እንዲያየው መንደፊያ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ሰቀለው። በሦስተኛው ቀን መስታወቱ በብናኝ ተሸፍኖ ‹‹ለጤና ተስማሚ ነው›› የሚለው አልነበብ አለ። አሁን የጽዳት ሠራተኛዋ በየጠዋቱ በእርጥብ ጨርቅ ትጠርገዋለች፤ ምሳ ሰዓት ሲደርስ ተመልሶ ይጠፋል። ባለቤቴና ጓደኞቿ ቀትር መድረሱን የሚያውቁት በእሱ ነው፤ ‹‹ኃላፊው ተሸፈኑ፣ ምሳ እንውጣ›› ይላሉ። ስለ ነጻ አገልግሎትዎ እነሱም ያመሰግናሉ።

ይህን ምስጋና ለባለቤቴ ሳነብላት አልሳቀችም። ልብስ እያጠፈች ነበር፤ እጇን ሳታቆም፣ ‹‹ሰውዬው ይዘኑልኝ አላልኩም። ‹ዋሸች› የሚለውን ይፋቁልኝ፣ በቃ። እኔ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ቀን ዋሽቼ ቀርቼ አላውቅም፤ እናቴ የሞተች ጊዜ እንኳ በሦስተኛው ቀን ተመልሻለሁ። ይኼን ጻፍልኝ›› አለችኝ። ጽፌያለሁ። ይህን ያህል ቃል በአንድ ትንፋሽ መናገር ስላልቻለች ሦስት ጊዜ አረፍ ብላበታለች፤ ማረፊያዎቹን እኔ ነኝ ያወጣኋቸው።

፯ኛ. ሰባተኛ ምስጋና የለኝም። ሰባተኛውን ቁጥር ለናሙናዋ ትቼላታለሁ።

ናሙና ተቀባይዋ እንደነገሩኝ የተበላሹ ናሙናዎች ዘጠና ቀን መሳቢያ ውስጥ ተቀምጠው ከዚያ በኋላ ይቃጠላሉ። የቁጥር ሰባት ዘጠናኛ ቀን የፊታችን አርብ ነው፤ የባለቤቴ ኮሚቴ ሰኞ ነው። በመካከላቸው ያለው ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነው። ስለዚህ ክቡርነትዎን የምለምነው ትንሽ ነገር ነው፦ መሳቢያውን ያስከፍቱ፤ አበባውን ከማሽኑ ላይ ያስነሡ፤ ላስቲኩን ይግፈፉ፤ ያችን አንዲት ግራጫ ክብ ወረቀት ያስለኩ። ማሽኑን የሚያሠራው ባለሙያ ሥልጠና ላይ ነው የሚባል ከሆነ፣ እኔ ብልቃጥ ለማጠብም፣ አሲድ ለመመጠንም፣ አበባውን ይዤ ለመቆምም ዝግጁ ነኝ። ኢንዶቶክሲን ከሌለበት፣ በመጠበቂያ ክፍልዎ በዚያች አንካሳ ወንበር ላይ ቆሜ፣ ባለጉዳይ ሁሉ እየሰማ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ባለቤቴም ሰኞ ሰኞ የምታስለው ከስንፍና ብዛት መሆኑን አምኜ እቀበላለሁ። ካለበት ደግሞ ፊርማዎን ከዚያ ወረቀት ላይ ያንሡልን። የሚጠበቅብዎ ይኸው ብቻ ነው።

ይህን ያህል ጊዜዎን በመውሰዴ እያፈርኩ፣ ረጅም ዕድሜና ረጅም ትንፋሽ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ፣ ለፓምፑም ንጹሕ አየር፣ ለእንፋሎት ድስቱም ዕረፍት፣ ለፕላስቲክ አበባውም እንደ ወትሮው ልምላሜ እየተመኘሁ፣ ከእግርዎ ሥር ሳይሆን ከመጠበቂያ ክፍልዎ ወንበር ላይ፣ ባርኔጣዬን አንሥቼ እሰናበታለሁ።

የክቡርነትዎ ትሑት ደጅ ጠኚ፣
የሬዲዮ ባል

ማስታወሻ፦ ከላይ ያለውን ማክሰኞ ጨርሼ፣ ረቡዕ ጠዋት መዝገብ ቤትዎ ላስገባ ስመጣ፣ በዚያው እግሬ ናሙና መቀበያው መስኮት ጎራ ብዬ ቁጥር ሰባት በደህና መክረሟን ጠየቅሁ። ናሙና ተቀባይዋ መዝገቡን ገለጡ፤ አንድ መስመር ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ‹‹አባባ፣ ከትናንት ወዲያ ሰኞ ተቃጥላለች። አርብ በናሙና አያያዝ ላይ ሥልጠና ስላለን ክፍሉ ቀድሞ ይጽዳ ተብሎ ነው›› አሉኝ። ይህን ሲናገሩ እንደ ባለፈው አልኮሩም፤ እንዲያውም ዓይናቸውን ከመዝገቡ ላይ አላነሡም። ከመሥሪያ ቤትዎ ሲያፍር ያየሁት ሰው እሳቸውን ብቻ ስለሆነ በሥልጠናው ላይ አስተማሪ እንዲያደርጓቸው እመክራለሁ።

ቁጥር ሰባት ስለሌለች ከዚህ ደብዳቤ ጋር ናሙና ቁጥር ስምንትን አያይዣለሁ። ባለቤቴ ሦስት ሳምንት ሙሉ መንደፊያ ክፍሉ ውስጥ ያሰረችው ሻሽ ነው። ሻሿን በየቀኑ የምታጥብ ሴት ናትና፣ መሳቢያዎን ስላላመንኩት ‹‹ይህን እንዳታጥቢ›› ብዬ ስለምናት፣ ‹‹ሰው ምን ይለኛል፤ እኔ ቆሻሻ ነኝ?›› እያለች ስትጨቃጨቀኝ ከርማለች። ዛሬ ስለ ቁጥር ሰባት ስነግራት ግን መቀስ አምጥታ ሻሿን ለሁለት ቆረጠችው። አንዱን ግማሽ፣ ድሮ ብልቃጥ አያያዝ ያስተማርኩት፣ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እንደ እርስዎ ያለ ማሽን የሚያሠራ ሰው በጥሬው ወስዶታል፤ ውጤቱን ኮሚቴው ሳይቀመጥ አደርሳለሁ ብሎኛል። የእሱ ማሽን አበባ የለውም።

ይኸኛውን ግማሽ መመሪያዎን በማክበር አሥራ አምስት ደቂቃ በድስት እንፋሎት ላይ አቆይተን አድርቀነዋል፤ በራስዎ ማኅተም ሕግ እንግዲህ ንጹሕ ነው። ስለዚህ ሰኞ ጠዋት፣ ባለቤቴ ኮሚቴው ፊት በምትቆምበት ሰዓት፣ በርና መስኮትዎን ዘግተው ጠረጴዛዎ ላይ ያራግፉትና አንድ ጊዜ ብቻ በረጅሙ ወደ ውስጥ ይተንፍሱልኝ፤ እሷ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተንፍሳዋለች።